የአው ሰኢድ ናና

ቤቴ የሚመጣ ሰው መስኮቴ ሥር ያሉትን ጣሳዎች ሳያይ አይገባም። ጎንበስ ብሎ ናናውን ይዳብስና ጣቱን ያሸታል፤ ከዚያ «አቦ፣ እጅሽ ያበቅላል» ይለኛል። በዚህ የድሬ ሙቀት፣ ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር፣ የሰው ሁሉ አበባ ድርቅ ሲል የእኔ ናና እንዴት እንዲህ እንደሚንዠረገግ ይጠይቁኛል። እኔም እንደ ባለሙያ ኮራ ብዬ አስረዳለሁ። «ናና እኮ አይለፋበትም። አንድ ዘለላ ቆርጣችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ በሳምንቱ ነጭ ሥር ያወጣል። ታቹ የተበሳ ጣሳ ውስጥ አፈር አድርጋችሁ ትከሉት። ጥላ ስጡት። ሳሙና የሌለበት የእጅ መታጠቢያ ውሃ ካገኘ ሌላ ምንም አይጠይቃችሁም።» ያመሰግኑኛል፤ ዘለላ ቆርጠው ይሄዳሉ። ማን እንዳስተማረኝ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ አንዲት ቅጠል ሻጭ አየሁ። ፀሐዩ ናናዋን አጠውልጎባት ኖሮ ከጀሪካን አንድ ጉንጭ ውሃ ያዘችና በአፏ እፍ ብላ ረጨችበት። ሽታው ብድግ አለ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ምንም ሳይመስላት ሁለት እስር ገዝታ ሄደች። እኔ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ፊቴ ጋለ፤ ጆሮዬ ሳይቀር። ሻጯ «ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። አፍሬ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የሠራሁት ነገር ፊቴ ላይ ቆሞ ነው።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ለገሃሬ፣ አምስት ቤት አንድ ቧንቧና አንድ የኒም ዛፍ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ቧንቧው ለስሙ ነበር፤ ውሃ ሲመጣ ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ሁለት ባልዲ ሞልቶ ይሄዳል። ለመጠጥ መንገድ ማዶ ካለው ቦኖ በጀሪካን እንቀዳ ነበር። አባቴ ሁርሶ መኪና ይጠግናልና የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቤት የምንውለው እናቴና እኔ ነን። ከበራችን ትይዩ፣ ዛፉ ሥር፣ የአው ሰኢድ በር ነበር።

«አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰውን አክብረው የሚጠሩበት ነው። እኔ የስሙ ቁራጭ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «አባትህም አው ነበር?» ብዬ ጠይቄው እስኪያስለው ሳቀ። ዕድሜውን ባቡር ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ሚስቱ ኸዲጃ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። አንዲት ልጁ ሐረር ትኖራለች። በሩ ላይ የሚቀመጥባት ጥርብ ድንጋይ ነበረችው፤ በድንጋይዋ ዙሪያ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረዋል። ናናውን የተከለችው ኸዲጃ ናት። እሱ ጣሳውን ብቻ ሳይሆን አደራደሩንም ከእሷ ነው የወረሰው።

አደራደሩ እንዲህ ነው። አው ሰኢድ ለሶላት ሲነሣ ውዱእ የሚያደርገው፣ ማለት የሚታጠበው፣ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ናና ውሃ ስለሚወድ ከእጁ በታች ተቀምጧል፤ እጁን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ሲታጠብ የሚወርደው ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ከናናው ቀጥሎ ሪሃን አለ፣ እኛ በሶብላ የምንለው፤ እሱ የሚደርሰው ፍንጣቂው ነው። ጤና አዳም ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳልና ዳር ላይ ነው ያለው። እግሩን ሲታጠብ ዞር ብሎ ዛፉ ሥር ያፈስሰዋል። አፉን ሲጉመጠመጥና አፍንጫውን ሲያጸዳ ደግሞ ፊቱን በግራው በኩል ወዳለው ቦይ ያዞራል። ይሄን አንድ ቀን በጣቱ እያሳየ ነግሮኛል። «ናና የሚበላ ነገር ነው። አፍና እግር አይነካውም። ኸዲጃ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር» አለኝ። በቀን አምስት ጊዜ አንዲት ማንቆርቆሪያ ውሃ ነች፤ ሰውም ይነጻባታል፣ ቅጠሉም ይጠጣባታል። ናናውን ላጠጣ ብሎ የተነሣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ውሃውን ሲነካ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከቅጠሉ ጋር የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ናናው የሚበቅለው በውሃው ሳይሆን በሚነግረው ነገር ነው ብዬ አምኜአለሁ። እናቴ በራችን ላይ ለተከለቻት ጽጌረዳ ምንም ስለማትነግራት ነው የምትደርቅባት፤ በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ጀርባውን ሲያመው ማንቆርቆሪያውን ይዤ የማፈስለት እኔ ነበርኩ፤ ወሬያቸውን እንዳልረብሽ ትንፋሼን ውጬ።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ እናቴ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ማስመለሱ ግን አልለቀቃትም። የወንድሜ እርግዝና ነው። የቀመሰችው ሁሉ ይወጣል፤ ውሃ እንኳ አይረጋላትም። የሚረጋላት የአው ሰኢድ ናና ብቻ ነበር። ፈልቶ ቀዝቀዝ ሲል ትንሽ ትንሽ ትጎነጭና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ከዚያ ቁራሽ ዳቦ ብትበላ አይወጣባትም። ጠዋት ጠዋት ናናውን መቁረጥ የኔ ሥራ ሆነ። አቆራረጡን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከላይ ሁለት ቅጠል፣ በጥፍር፣ ሳይጎተት። «ጫፉን ስትወስጂለት ሁለት ሆኖ ይመጣል። ሥሩን ከነካሽ ግን ተቀያይመናል» ይለኝ ነበር።

እናቴ እየደከመች ስትሄድ አባቴ ታላቅ እህቱን እትዬ ዘነቡን ከደጋ አስመጣት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። በመጣች ማግስት ልብሳችንን ሁሉ አጠበች፣ ግቢውን ጠረገች፣ እናቴን እንደ ሕፃን ክንዷ ላይ ደግፋ አጎረሰች። ሙቀቱ ግን አሸነፋት። «ወይ አገር፣ ነፋሱም ይፋጃል» እያለች ነጠላዋን በውሃ ነክራ ራሷ ላይ ትጥል ነበር። ከአገሯ ጦስኝ ይዛ መጥታለች። ከገደል አፋፍ ለቅማ፣ ጥላ ላይ አድርቃ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ። ለእርጉዝ ሆድ ከዚህ የሚሻል የለም ብላ አፈላችው። እናቴ እንፋሎቱ ሲደርሳት ሳህን ላይ ተደፋች። እትዬ ዘነቡ ጦስኙን መልሳ ቋጠረችው። ስትቋጥር ግን ጣቶቿ ዘገዩ። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ያመጣችው መድኃኒት ዋጋ አጣ፤ ከጎረቤት በር የሚቆረጥ ቅጠል ግን ይጠጣል።

ለእኔ ቀይ የሱፍ ሹራብ አምጥታልኝ ነበር። ድሬ ላይ፣ በመጋቢት ሹራብ! ለብሼው ዋልኩ፤ አንገቴ ላይ ሽፍ እስኪል ለበስኩት። «የኔ ብልህ» ትለኝ ነበራ። እናቴ «አንቺ እሳት» እያለች ነው የምትጠራኝ፤ ብልህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለዚያች ቃል ስል እግሯ ሥር አልጠፋም። ምስር ስትለቅም እለቅማለሁ፣ የጎረቤቱን ወሬ ስትጠይቀኝ አመጣላታለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ተቆጣችኝ። አው ሰኢድን «አንተ» ስለው ሰምታ። «እኚህን የሚያህሉ ሽማግሌ አንተ ትያለሽ? አሳዳጊ የበደለሽ!» ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚል ማን አለ? አው ሰኢድ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሰማትና ሳቀ። «ተያት፣ ዘነቡ። እርስዎ ካለችኝ የሞትኩ መስሎኝ እደነግጣለሁ» አላት። እትዬ ዘነቡም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ነበሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለትምህርት ቤት ረፍዶብኝ ናናውን በችኮላ ስጎትት ከነሥሩ መጣ። አው ሰኢድ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ፍየል ነው እንዴ?» አለኝ፣ የግቢው ልጆች ፊት። ልጆቹ ተንከተከቱ። ክፍል ድረስ «ፍየሏ፣ ፍየሏ» ሲሉኝ ዋሉ። እሱ የነቀልኩትን መልሶ ተክሎ ነገሩን ረስቶታል፤ ከሰዓት ስመለስ እንደ ወትሮው «መጣሽ?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ወደ ቤት ገባሁ።

እትዬ ዘነቡ ናናውን እያፈላች ነበር። እንፋሎቱን አሸተተችና «ምን አለበት ይሄ ቅጠል? ጦስኜን ያስናቀው» አለች። ለራሷ ነው ያለችው። እኔ ግን መለስኩላት።

«እሱ ላይ እኮ ነው የሚታጠበው።»

«ማን?»

«አው ሰኢድ። ለሶላት ሲታጠብ ውሃው እዚያ ላይ ነው የሚፈስሰው።»

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ግቢው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እናቴም እያወቀች ነው የምትጠጣው። እዚያ ላይ ባቆም ምናልባት ፊቷን አጨፍግጋ ታልፈው ነበር። እትዬ ዘነቡ ግን ማንኪያውን ያዝ አድርጋ «እጁን ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ትልቅ ሰው ከእኔ አፍ የሚወጣውን ሲጠብቅ ያየሁት ያኔ ነው። ደስ አለኝ። ደስታውን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

«አፉንም» አልኩ። «ተጉመጥምጦ ይተፋበታል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ ወድጄ ነው። «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» የሚለኝ አይጠፋም። አውቅ ነበር። ፊቱን ወደ ቦዩ ሲያዞር በቀን አምስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሚያዞርም በራሱ አፍ ነግሮኛል።

እትዬ ዘነቡ ድስቱን አንሥታ ወጣች። የግቢው ሴቶች ከሰዓቱን ዛፉ ሥር ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ አው ሰኢድ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ሬዲዮኑን ይጎረጉራል። መሐል ግቢው ላይ ቆመችና ደፋችው። አሸዋው ጢሽ አለ፤ የናና ሽታ ግቢውን ሞላው።

«በጾም ቀን የሰው ምራቅ!» አለች።

አው ሰኢድ ሬዲዮኑን ዘጋ። «ምን ሆነ፣ ዘነቡ?»

ለእሱ አልመለሰችም። ወደ ሴቶቹ ዞራ «ይሄ ሰውዬ የሚተፋበትን ነው እንዴ እርጉዝ ሴት የሚያጠጣት?» አለች። «አንተ» በማለቴ የተቆጣችኝ ሴት ናት።

«ማን ነው ተፋበት ያለው?»

«ልጅቱ በዓይኗ አይታ!»

ሴቶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። አው ሰኢድ አየኝ። በራፉ ላይ ቀዩን ሹራቤን ለብሼ ቆሜአለሁ፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። እሱ ቸኩሎ አልተናገረም፤ ጠበቀኝ። እኔ የእግሬን ጣቶች ቆጠርኩ። አሥር ናቸው። መልሼ ቆጠርኳቸው።

«ሃዬ፣ እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅ ያየውን ነው የሚናገር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤት።»

«ያድርጉልኝ» አላት። ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ አነጋገር ሰምቼ አላውቅም። «ዋሽታ ነው» ቢል ከእትዬ ዘነቡ በቀር ሁሉም ያምኑት ነበር። አላለም። ሬዲዮኑን ይዞ ገባ።

እናቴ ከውስጥ ጠራችኝ። ተኝታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «መሲ፣ እውነት ይተፋበት ነበር?» አለችኝ። የመጀመሪያው ስህተት ነው ቢባል፣ ይሄኛው ምን ሊባል ነው? «አዎ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። እስኪመሽ ጀርባዋን ነው ያየሁት።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አው ሰኢድ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዶ መታጠብ ጀመረ። ለጣሳዎቹ ጠብታ አልደረሳቸውም። በድሬ መጋቢት ሁለት ቀን በቂ ነው። ሪሃኑ አንገቱን ደፋ፤ የናናው ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ሆነ። እትዬ ዘነቡ ጦስኙን በማር ሞከረች፣ በሎሚ ሞከረች፣ አቅጥና አቀዝቅዛ ሞከረች። እናቴ ሁሉንም መለሰችው። በሦስተኛው ቀን መቆም አቃታትና ጎረቤቶች በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። ግሉኮስ ተሰክቶላት እዚያው አደረች።

እኔ ነገሩን በራሴ መንገድ አሰላሁት። ናናው የሚሞተው የሚያናግረው ስላጣ ነው። እናቴ ደግሞ የቆመችው በናናው ነው። እንግዲህ ናናው ሲሞት እሷም ትሞታለች፤ የገደልኳት እኔ ነኝ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ድሬ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ ከእንስራችን አንድ ኩባያ የመጠጥ ውሃ ቀዳሁና ወደ ድንጋይዋ ሄድኩ። ድንጋይዋ እግሬን አቃጠለችኝ። ምን እንደሚላቸው ስለማላውቅ የማውቀውን ሁሉ አልኩ። «ቢስሚላህ» አልኩ። ያ ቢያንስ ብዬ «በስመ አብ» ጨመርኩ። ሁለቱ እንዳይጣሉብኝ ፈርቼ «ይቅርታ» አልኩና ውሃውን አፈሰስኩ። አፈሩ ጠጣው፤ ቅጠሉ ምንም አልሆነም። ቀና ስል የአው ሰኢድ የበር መጋረጃ ወዲያ ወዲህ ይላል። ነፋስ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖው ሲመጣ አየሁት። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ጀርባው የሚያመው ሰው ነው። ለራሱ የሚጠጣውን ውሃ እንኳ የሰፈር ወጣቶች ነበሩ የሚያመጡለት። ከግቢው በር እስከ ዛፉ ሦስት ጊዜ አስቀምጦ አረፈ። ልርዳህ ያሉትን እንቢ አለ። ከናናዎቹ መሐል የተሻለውን ጣሳ መረጠ፣ ከድንጋዩ አርቆ እኛ በር አጠገብ አስቀመጠው፣ እንዳይምታታ ሰማያዊ ጨርቅ አሰረበት። ከጀሪካኑ በኩባያ አጠጣው። ከዚያ ጠራኝ።

«መሲ፣ ይሄ የቦኖ ውሃ ነው። ማንም አልታጠበበትም። ለአክስትሽ ንገሪያት። ካላመነች መጥታ ትይ። እናትሽ ትጠጣ።»

«ዋሽቼ ነው» የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ወላሂ፣ መጥቶ ነበር። «እሺ» አልኩት።

ናና ቶሎ ይመለሳል፤ በአራት በአምስት ቀኑ አዲስ ጫፍ አወጣ። እናቴ ከሆስፒታል መጥታ ከሰማያዊው ጣሳ ጠጣች፣ ረጋላት። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ ሁለት ጠዋት በር ላይ ቆማ አየችው፤ ውሃው ከጀሪካኑ ሲቀዳ፣ እሱም እጁን ሳያስነካ ሲያፈስስ። «ጨዋ ሰው ናቸው» አለች በሦስተኛው ቀን። «ሲነገራቸው ይሰማሉ።» ጦስኟን በነጭ ጨርቋ እንደተቋጠረ ወስዳ ሰጠችው። ተቀበላት፤ አፍልቶ ጠጣ፤ «ማሻአላህ፣ ደረት ይከፍታል» አላት። ታረቁ። የታረቁት በእኔ ውሸት ላይ ቆመው ነው፤ ሁለቱ ሲጨዋወቱ ሳይ ዞሬ ወደ ቤት እገባ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን እሰማዋለሁ። አንዴ ያስቀምጠዋል። ሁለቴ። ሦስቴ። ብርድ ልብሱን እስከ ራሴ እከናነባለሁ። ሌሎቹ ጣሳዎች አንድ በአንድ ደረቁ፤ ለሁሉም የሚበቃ ውሃ መሸከም አይችልማ። ሪሃኑ ሄደ፣ ጤና አዳሙ ሄደ። ማንም ለፍቶበት የማያውቀው ናና የሽማግሌ ሸክም ሆነ። ለፋሲካ ንስሐ ስገባ ለቄሱ «እናቴን አልታዘዝም፣ ስኳር እሰርቃለሁ» ብዬ አለፍኩት።

ወንድሜ ተወለደ፤ ተጠመቀ። እትዬ ዘነቡ ሹራቡ እንዳይጠበኝ አደራ ብላኝ ወደ አገሯ ተመለሰች። ክረምቱ ሲገባ የአው ሰኢድ ጀርባ ጨርሶ አልታዘዝ አለው። ልጁ ከሐረር መጣች፤ ዕቃው ሁለት ሻንጣና አንድ ሬዲዮ ነበር። ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን እያንደቀደቀ ቆሟል። ግቢው ሁሉ ሲሰናበተው እኔ ከዛፉ ጀርባ ነበርኩ።

«መሲ» አለ። «ነይ፣ አፍስሺልኝ።»

ልጁ «አባ፣ ሐረር ደርሰህ ትታጠባለህ» አለችው። አልሰማትም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበትን ጣሳ ከበራችን አምጪው አለኝ፤ አመጣሁለት። ከእጁ በታች፣ በድሮው ቦታው አስቀመጠው። ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። ውሃውን በቀጭኑ አፈሰስኩለት። እጁን ታጠበ፤ ውሃው ናናው ላይ ወረደ። ከዚያ በመዳፉ ተቀበለና አፉን ሞላ። ጉንጩ እንደተነፋ አየኝ። ቸኩሎ አልነበረም። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ከወትሮው አብልጦ አዞረ፣ ቦዩ ውስጥ ተፋ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ሃዬ» አለ። «ልጅ ያየውን ነው የሚናገር።»

ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ውዱኡን ጨረሰ። እግሩን ዛፉ ሥር ታጠበ። ጣሳውን አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ባጃጁ ሄደ። ይዤው ቤት ገባሁ። ጠርዙ ላይ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። እናቴ ወንድሜን እያጠባች ነበር። «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ውሃ አታብዢበት አለኝ» አልኳት።

በዓመቱ ሐረር ማረፉን ሰማን።

ያ ናና ዛሬ መስኮቴ ሥር ያለው ነው፤ ጣሳው ዝጎ ስንት ጊዜ ተቀይሯል፣ ዘሩ ግን ያው ነው። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ቅዳሜ ከቀፊራ ስመለስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የናና ሻይዋን ይዛለች። ሽንኩርት አልገዛሁም። ባዶ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ፊቷ ቆምኩ።

«እማ፣ አው ሰኢድ አይተፋበትም ነበር» አልኳት። «ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

እስኪቀዘቅዝ የምትጠብቅ ይመስል ሲኒውን አየችው።

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው ሲታጠብ ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የባሌ እኅት ናት፣ እንግዳ ናት አልኩ።» ሲኒውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። «ጀሪካኑን ሲሸከም በድሮው ቤታችን መስኮት አየው ነበር፣ መሲ። ሦስት ጊዜ ያርፋል። እያየሁት ነው የጠጣሁት።»